ሁለት ሰከንድ

ሌላው ልጅ ከእናቱ ጓዳ ስኳር ይሰርቃል፤ እኔ በዘጠኝ ዓመቴ ከአባቴ ሰዓት ላይ ሰከንድ እሰርቅ ነበር። በየማለዳው ሁለት፣ ሁለት። ሁለት ሰከንድ ምን አላት ትሉ ይሆናል፤ አንዴ ሲያስነጥሱ የምታልፍ ናት። ያደግሁት ግን በስዊዘርላንድ፣ በጁራ ተራሮች መሃል፣ ኮምብ-ኖዋር በሚባል መንደር ነው። እዚያ ሁሉም እንጀራውን የሚያገኘው ከሰዓት ሥራ ስለነበር በሁለት ሰከንድ የተኳረፉ ጎረቤታሞች አውቃለሁ። እኔም በእነዚያ ሁለት ሰከንዶች የእናቴን ሃያ ሁለት ዓመት በላሁ። እስከ ባለፈው ሐሙስ ድረስ ይህን ለማንም ተንፍሼ አላውቅም ነበር።

አባቴ ማርስላን ሰዓት አስተካካይ ነበር። ፋብሪካው ውስጥ ሌሎቹ የገጣጠሙትን ሰዓት እሱ ይቀበልና በጀርባው ያስተኛዋል፣ በሆዱ ይደፋዋል፣ በጎኑ ያቆመዋል። በእያንዳንዱ አኳኋን ምን ያህል እንደሚፈጥን ወይም እንደሚዘገይ አይቶ፣ ፀጉር የምታህለውን ጥምዝ ሽቦ በመቆንጠጫ ነካ ያደርጋታል። በደመወዙ ሊገዛቸው የማይችላቸውን ሰዓቶች ሃያ አምስት ዓመት ሲያስተካክል ከኖረ በኋላ ፋብሪካው አንዱን ሸለመው። የወርቅ አውቶማቲክ ነው፣ ያስተካከለውም ራሱ ነው። መሙላት አያሻውም፤ ክንድ ላይ እስካለ ድረስ በክንዱ ውዝዋዜ ራሱን ይሞላል። ሁለት ቀን ካወለቁት ግን ቀጥ ይላል። አባዬ "ይሄ ሰው ይፈልጋል" ይል ነበር፤ እኔም ሰዓቱ የሚርበው ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ዮላንድም ከማግባቷ በፊት እዚያው ሙያ ላይ ነበረች። ያችን ጥምዝ ሽቦ ቦታዋ የሚያስገቡት ሴቶች ናቸው፤ ቤታቸው መስኮት ስር ተቀምጠው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው። እኔ ስወለድ መቆንጠጫዋን መሳቢያ ውስጥ ከተተችና ቆለፈችበት። ጆሮዋን ግን አልቆለፈችውም። የአባዬ ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ድንች እየላጠች "ዛሬ ድምፁ ደረቅ ብሏል፣ ዘይት አነሰው" ትላለች፤ አባዬ ከፍቶ ሲያየው እውነቷን ይሆናል።

ነገሩ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979፣ በኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ ነው። ምሳ ላይ ነበርን። እማዬ ባሮ ሽንኩርትና ድንች ቀቅላ፣ ወፍራም ቋሊማ ከላዩ ላይ አጋድማለች። እንፋሎቱ የመስኮቱን መስታወት አልብሶታል። የእማዬ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ ዊሊ፣ እንደ ወትሮው ሳይጠራ መጥቶ ትልቁን ቁራጭ አንስቷል። ልክ ሰባት ሰዓት ሲሆን ከእማዬ እጅጌ ውስጥ "ጢጥ ጢጥ" የሚል ድምፅ ወጣ።

የአባዬ ሹካ አየር ላይ ቀረ።

"ምንድነው እሱ?"

"ምኑ?" አለች እማዬ፣ እጅጌዋን ወደ ታች እየጎተተች።

"የጮኸው ነዋ።"

"ድመቷ ትሆናለች።"

"ድመታችሁ ባትሪ ድንጋይ ዋጠች እንዴ?" አለና አጎቴ ዊሊ ተንከተከተ።

እማዬ ፊቷ ቀላ። ከዚያ "ይብላኝ ለሚደብቅ" ብላ እጅጌዋን ሰበሰበችው። በጥቁር የፕላስቲክ ማሰሪያ የታሰረች፣ መስታወቷ ላይ ቁጥር ብቻ የምታሳይ፣ በባትሪ የምትሄድ የኳርትዝ ሰዓት ነበረች። እኛ ሰፈር ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ ኳርትዝ ማሰር፣ ፓስተር ቤት ጣዖት እንደማስገባት ነበር።

"ከተማ ወርጄ ገዛኋት" አለች። "ከጫማ ትረክሳለች።"

"በዚህ ቤት!" አለ አባዬ። "የኔ ሚስት!"

"ያንተ ሚስትማ ናት። ያንተ ሚስት አውቶቡስ እንዳያመልጣት ትፈልጋለች። እስቲ ልጠይቅህ፤ የወርቁ ጌታ በሳምንት ስንት ይሳሳታል?"

"አሥር ሰከንድ። አሥራ አምስት።"

"ይቺ በወር ነው አሥር የምትሳሳተው።"

"ሕይወት ስለሌላት ነዋ! የሞተ ሰው መቼ ይሳሳታል?"

"እሰይ፣ ፋብሪካው ሲዘጋ ሕይወት ያለውን ቀቅለን እንበላለን" አለች እማዬ።

ያኔ ይህ ነገር ስለ ሰዓት መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን ስለ ወረቀቱ ነበር። ሬዲዮው ጀርባ የተሸጎጠ፣ ፋብሪካው ለአስተካካዮች ሁሉ የሰጠው ወረቀት ነበር። ፈራሚው ኒውሻቴል ሄዶ ዓመት ከመንፈቅ የኤሌክትሮኒክስ ትምህርት ይማራል፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚያው ያድራል፤ ሲመለስ ኳርትዝ ክፍል ይገባል። የማይፈርም የድሮ ወንበሩ ላይ ይቀራል፣ ወንበሩ እስካለ ድረስ። አጎቴ ዊሊ ፈርሟል። የመጨረሻው ቀን የኖቬምበር ማብቂያ ነበር። እማዬ አባዬን በወረቀቱ መጨቅጨቅ ከጀመረች ሁለት ወር ሆኗታል።

አባዬ የወርቁን ሰዓት አውልቆ ከእማዬዋ ጎን አስቀመጠው። ጎን ለጎን ሲታዩ አንዱ የሠርግ፣ አንዷ የገበያ ቀን ልብስ ይመስላሉ።

"ጥሩ" አለ። "ኖቬምበርን ሙሉ እናወዳድራቸው። ያንቺ ካሸነፈች እፈርማለሁ። የኔ ካሸነፈ ወረቀቱ ምድጃ ይገባል፤ አንቺም ዳግመኛ አታነሺብኝም።"

"መንካት የለም። መመለስ የለም።"

"መንካት የለም። ማታ ግን አስተኛኘቱን እኔ እመርጣለሁ።"

እማዬ ትንሽ አሰበችና "እሱ ሙያ ነው፣ ይፈቀዳል" አለች። ሰዓት ቀን የፈጠነውን ማታ በአስተኛኘቱ ሊመልሰው ይችላል፤ በጀርባው ሲተኛ አንድ ዓይነት፣ በጎኑ ሲቆም ሌላ ዓይነት ይሄዳል። ይህን እሷም ታውቃለች። "ቃል?"

"ቃል።" ተጨባበጡ። አጎቴ ዊሊ ምስክር ሆነ፣ ሁለተኛ ቋሊማም ወሰደ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከኒውሻቴል የኮከብ መመልከቻ የሚመጣው የሰዓት ምልክት በሬዲዮ ሲሰማ፣ ምሳችን ይቆማል። የሸለቆው ሰው ሁሉ ለዚያች ምልክት ማንኪያውን ያቆማል፤ የእኛ ቤት ግን ትንፋሽም ይቆም ነበር። አባዬ የራሱን ያነባል፣ እማዬ የራሷን፤ አባዬ በቀይ ማስታወሻ ደብተሩ ይጽፈዋል። በመጀመሪያው ቀን የአባዬ ሁለት ሰከንድ ቀደመ፣ የእማዬ ዜሮ። በሁለተኛው አራት፣ የእማዬ ዜሮ። በሦስተኛው ስድስት፤ የእማዬ አሁንም ዜሮ። እማዬ ሾርባ ጨመረችለት። ያ ሾርባ ከዘለፋ ይብስ ነበር።

በዚያው ሳምንት ትምህርት ቤት ውስጥ አጠገቤ ለምትቀመጠው ለዦዝያን ነገሩን ነገርኳት። እርሳሷን እየነከሰች ሰማችኝና "የኔም አባት ወረቀት ፈርሞ ኒውሻቴል ሄደ" አለችኝ። "ከዚያ አልተመለሰም። አሁን እዚያ ሌላ ልጅ አለችው።"

የዦዝያን አባት የፈረመው የፍቺ ወረቀት እንደነበር ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን ወረቀት ሁሉ አንድ ነው፤ ኒውሻቴልም አባቶችን የሚውጥ ከተማ ነው። ሬዲዮው ጀርባ ያለችውን ነጭ ጫፍ ባየሁ ቁጥር ወደ ውስጥ እገፋት ነበር። እናቴ፣ የገዛ እናቴ፣ አባዬን ወደዚያ ልትሸኘው መሆኑ ደግሞ ከምንም በላይ አሳበደኝ። ጠላኋት። ይህንን ቃል ሳልሸራርፍ ነው የምጽፈው፤ ለአንድ ወር እናቴን ጠላኋት።

በአራተኛው ቀን ማለዳ እማዬ የወተት ባልዲዋን ይዛ ወጣች። አባዬ ፊቱን ሊላጭ ገባ፤ ከበሩ ጀርባ የውሃው ድምፅ ይሰማል። ሰዓቱ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ በጎኑ ቆሞ፣ የስኳር ጣሳውን ተደግፏል። አዲስ አስተኛኘት ነበር፤ አባዬ ሊሞክረው ነው። እጄ ቀዝቅዞ ነበር። ጎኑ ላይ ያለችውን መሙያ በጥፍሬ ሳብኩ፤ ቀጭኑ የሰከንድ ቆጣሪ ቀጥ አለ። አንድ። ሁለት። መልሼ ጫንኩት። መሄድ ጀመረ።

ስድስቱንም ልወስድ እችል ነበር። ግን የአስተካካይ ልጅ ነኝ፤ ከስድስት ድንገት ወደ ዜሮ የወረደ ሰዓት ሌባ እንደገባው ይታወቃል። ስለዚህ የዕለቱን ብቻ ወሰድኩ። ምሳ ላይ ምልክቱ ሲሰማ አባዬ አንብቦ ቅንድቡን አነሳ።

"ስድስት" አለ። "አልጨመረም። ዮላንድ፣ አልጨመረም! በጎኑ ነው የሚወደው!"

እማዬ ተነስታ መጥታ ራሷ አየችው። "እንዲያም አለ" አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ቅሬታም አድናቆትም ነበር።

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ሁለት። አንዳንዴ ስጣደፍ ቆጠራው ተሳስቶብኝ አምስት ወይም ሰባት ይሆናል፤ በማግስቱ አቃናዋለሁ። አባዬ ማፏጨት ጀመረ። ፋብሪካ ውስጥ አወራ፤ ካፌ ውስጥ አወራ። እኔ በልቤ ቤቱን ቀጥ አድርጌ ያቆምኩት እኔ ነኝ እል ነበር። ያላወቅሁት አንድ ነገር ነበር፤ አባዬ ያን አስተኛኘት አገኘሁት ብሎ ሌላ መሞከሩን ተወ። ምናልባት በሆዱ ቢደፋው፣ ምናልባት በሌላኛው ጎኑ ቢያቆመው፣ በራሱ እጅ ያሸንፍ ነበር። ያንን በር የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬ ድረስ ከዚህ በላይ የሚቆጨኝ የለም።

በአሥራ አንደኛው ቀን መሙያውን ስቤ "አንድ" ስል በሩ ተከፈተ። አባዬ ነው፤ ግማሽ ፊቱ አረፋ፣ ግማሹ ተላጭቷል። ፎጣ ረስቶ ነበር። እኔ ሰዓቱን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት።

"ምን ታደርጊያለሽ፣ ኮሪን?"

"እየሰማሁት ነው።"

መጣ፣ ተንበረከከና ጆሮውን ከእጄ ላይ አስጠጋ። አረፋው ጉንጬን ነካኝ፤ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ረጅም ጊዜ አዳመጠ።

"ምን ይላል?" አለኝ።

"እየሄድኩ ነው ይላል።"

"ጥሩ ነው" አለ። ፎጣውን ወስዶ ወጣ።

መሙያው አሁንም እንደተሳበ ነበር። ሰዓቱ ድምፅ አልነበረውም። ደንግጬ ጫንኩት፤ ግን አሥር ወይም አሥራ ሁለት ሰከንድ ሳይቆም አልቀረም። እሁድ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምን እንደተሰበከ እንጃ። ምሳ ላይ ሬዲዮው ሲያሰማ ዓይኔን ጨፈንኩ። "ስድስት" አለ አባዬ፣ ጻፈም። እግዚአብሔር ራሱ ሰዓቱን አቃናልኝ ብዬ አመንኩ። በሚቀጥለው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደዚያ ዘምሬ አላውቅም።

የመጨረሻው ቀን ዓርብ ነበር። በረዶ መጣል ጀምሯል። አጎቴ ዊሊ ለምስክርነት መጥቶ ጫማውን ምድጃው አጠገብ አድርቋል። ምልክቱ ተሰማ።

"ስድስት" አለ አባዬ፣ ቀስ ብሎ።

እማዬ የራሷን አየች። "አሥራ አንድ።"

"አሸነፋት!" አጎቴ ዊሊ ጠረጴዛውን በጥፊ መታው። "ጉድ ነው እኮ! ማርስላን ኳርትዝ አሸነፈ! እኔ ነኝ ጅሉ፣ ፈርሜ የተቀመጥኩት!"

እማዬ ተነሳች። ሬዲዮው ጀርባ እጇን ሰደደች፤ ወረቀቱን አወጣች፤ የምድጃውን በር ከፍታ ከተተችው። "ቃል ቃል ነው" አለች። ከዚያ ያልጠበቅሁትን አደረገች፤ የአባዬን ቀኝ እጅ በሁለት እጇ ይዛ፣ ገልብጣ አየችው። "ይሄ እጅ" አለች። "ይሄንን እጅ አውቃለሁ እያልኩ ሳላውቀው ኖሬአለሁ። ይቅር በለኝ።"

አባዬ እጁን ነጠቃት። "ሾርባው ቀዘቀዘ" አለ። እሷን አላያትም፤ ያየው እኔን ነው። መዳፉን ጭንቅላቴ ላይ አሳረፈ። ትሑት አባት አለኝ አልኩ።

እማዬ እጅጌዋን እስከ አንጓዋ ድረስ ጎተተችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያች ሰዓት በሰው ፊት ታይታ አታውቅም። ሌላ ስለሌላት ታስራታለች፤ "ጢጥ" ስትል በሌላ እጇ ታፍናታለች።

በሚቀጥለው ዓመት ሴፕቴምበር ፋብሪካው የአስተካካዮቹን ክፍል ዘጋ። የአባዬን ጠረጴዛ በኪሎ ሸጡት። አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ክረምት የመንደሩን በረዶ ይጠርግ ነበር፣ በጋ ጫካ ውስጥ ግንድ ይጎትት ነበር፤ ያ መቆንጠጫ የለመደ እጁ ሁለት ጣቱ መታጠፍ አቃተው። እማዬ ላ ሾ-ደ-ፎን ከተማ ሆስፒታል ወለል መወልወል ያዘች። ጎህ ሳይቀድ የሚነሳው የመጀመሪያው አውቶቡስ ላይ፣ ሃያ ሁለት ዓመት። አውቶቡሱ አንድም ቀን አላመለጣትም፤ ሰዓቷ ልክ ነበረች። አጎቴ ዊሊ የኳርትዝ ክፍል ኃላፊ ሆኖ በየገናው በአዲስ መኪና ይመጣል።

እኔ ዝም አልኩ። በአሥራ ሁለት ዓመቴ ሁሉም ገብቶኝ ነበር፤ ዝም አልኩ። በሃያ ዓመቴ አባዬ ፊት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ስለ አየሩ አወራሁ። አባዬ በ1998 ሞተ። "እጁን አታልዬ ሕይወቱን አበላሸሁ" የሚለውን ይዤ ቀበርኩት። ሰዓቱ ለእኔ ደረሰኝ፤ አስሬዋለሁ፣ ሰው ስለሚፈልግ።

ባለፈው ወር እማዬ የአረጋውያን ቤት ስለገባች ቤቱን ማጽዳት ጀመርኩ። የዚያን የተቆለፈ መሳቢያዋን ቁልፍ በአባዬ የሥራ ካፖርት ኪስ ውስጥ አገኘሁት። መሳቢያው ውስጥ መቆንጠጫዋ አለ፤ ከስሩ ደግሞ ቀዩ ማስታወሻ ደብተር።

እስከ አሥረኛው ቀን ድረስ በቀለም የተጻፉ ቁጥሮች ናቸው፤ የማውቃቸው። በአሥራ አንደኛው ቀን አጠገብ በእርሳስ፣ በትንሹ፣ "ኮሪን አቆመችው። ወደ 6 መለስኩት" ይላል።

ኩሽናው ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ቀን በኋላ በየገጹ ሁለት ረድፍ ነው። በቀለም ምሳ ላይ የሚነበበው፤ በእርሳስ እውነተኛው፣ ፊቱን ሊላጭ ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ አስተያይቶ ያሰላው። በየማለዳው ሰዓቱን መስኮቱ ደፍ ላይ ይተውልኛል፤ በየማለዳው ውሃውን ከሚገባው በላይ ረጅም ያስፈስሳል። የመጨረሻው ገጽ ላይ በቀለም "6" እና "11" አለ። በእርሳስ "60" እና "11"። ከስሩ፣ "ዮላንድ አሸነፈች።"

አርባ አምስት ዓመት የተሸከምኩት ጥፋት የሁለት ሰው ሸክም ሆኖ ተገኘ፤ አልቀለለኝም ግን። ተናደድኩበት። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል፤ አባቴ ግን እኔ ያቦካሁትን አይቶ፣ ዝም ብሎ ጋግሮ፣ እናቴን አበላት። ከሃያ ዓመት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተቀምጦ፣ ድምፅ የሌለው ሰዓት ለመማር ፈራ። ፈራሁ ማለትም ፈራ። ስለዚህ ከአንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጀርባ ተደበቀ። የተናደድኩትን ያህል አሳዘነኝ፤ እኔም እኮ ዕድሜ ልኬን ከእሱ ሞት ጀርባ ተደብቄ ነው የኖርኩት።

ሐሙስ ዕለት ደብተሩን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ሄድኩ። እማዬ ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው። ዓይኗ ጠፍቷል፣ ጆሮዋ እንደ ድሮው ነው። መስኮቱ አጠገብ ወንበሯ ላይ፣ ብርድ ልብስ ጉልበቷ ላይ፣ እጅጌዋ እስከ አንጓዋ። የምትንከባከባት ፊሎሜና ትራሷን እያስተካከለች ነበር።

"መጣሽ?" አለችኝ እማዬ። "አምጪው እስቲ።" ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ስመጣ መጀመሪያ የአባዬን ሰዓት ትሰማለች። አውልቄ ጆሮዋ ላይ ያዝኩላት። "ፊሎሜና፣ ይሄ ነው የነገርኩሽ። ባሌ በዚህ ኳርትዝ ያሸነፈበት። አንድ ወር ሙሉ!"

"ነግረውኛል እኮ፣ እማማ ዮላንድ" አለች ፊሎሜና እየሳቀች፤ "በየሳምንቱ።" ወጣች።

"ትስቃለች" አለች እማዬ። "አይገባትም። ዊሊ በመኪናው ሲመጣ፣ እኔ በዚያ ብርድ የሰው ሽንት ልወለውል ስወጣ፣ አባትሽን ልጠላው ስንት ጊዜ ቃጣኝ መሰለሽ። ግን በእኩል ተወዳድረን ነው የተሸነፍኩት። በእኩል የተሸነፈ ምን ይላል? ያንን እጅ ባላይ ኖሮ ይቅር አልለውም ነበር።"

ቦርሳዬ እግሬ ስር ነበር። ዝም ብዬ ልዘጋው እችል ነበር፤ ከዚህ በኋላ የሚያነበው የለም። ሰዓቱ ግን እጄ ውስጥ፣ ጆሮዋ ላይ ነው። ጥፍሬ መሙያው ስር ገባ። ሳብኩት።

ድምፁ ቆመ። አንድ። ሁለት። መልሼ ጫንኩት።

እማዬ አልተንቀሳቀሰችም። የማያዩት ዓይኖቿ መስኮቱ ላይ ቀሩ።

"ድገሚው" አለችኝ።

ደገምኩት። አንድ። ሁለት።

"ስንት ቀን?"

"ሃያ ሰባት።"

"አባትሽ ያውቅ ነበር?"

አያውቅም ማለት ቀላል ነበር። ሁሉንም በእኔ አድርጌ እሱን ላተርፍላት ፈለግሁ። ግን ዋሽቼአት የኖርኩት ይበቃል። "ከአሥራ አንደኛው ቀን ጀምሮ" አልኳት።

ኮሪደሩ ላይ የምሳ ጋሪ አለፈ፤ ሳህኖቹ ተንኳኩ። እማዬ የአባዬን ሰዓት ከጆሮዋ ላይ በእጇ ገፋ አደረገችው፣ ሳትቆጣ፣ ጠግበው የተዉትን ሳህን እንደሚገፉ።

"በስንት አሸነፍኩት?"

"በአርባ ዘጠኝ ሰከንድ፣ እማዬ።"

"አርባ ዘጠኝ" አለች። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ደገመችው። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት እጇን አነሳች። "ዛሬ ሂጂልኝ። እሁድ ትመጪያለሽ። ዛሬ ግን ሂጂልኝ።"

ካፖርቴን አነሳሁ። በሩ ላይ ስደርስ ሙሉ ሰዓት ሆነ፤ ከኋላዬ የእማዬ ሰዓት "ጢጥ ጢጥ" አለች። ዞር አልኩ። እጇ እንደ ልማዱ ሊያፍናት ወደ አንጓዋ ሄደ፤ ደረሰና ቆመ። ከዚያ እማዬ እጅጌዋን ያዘች፣ እስከ ክርኗ ድረስ ጠቀለለችው፣ ክንዷንም ብርድ ልብሱ ላይ፣ ሰው በሚያየው ቦታ አሳረፈችው።